የለገሃር መግቢያ በድሮ ፖስት ካርድ

አዲስ አበባን ከሚያሳዩ የድሮ ፖስት ካርዶች መካከል የለገሃር ባቡር ጣቢያ መግቢያ የተነሣባቸው ዘመናቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ቀን ባይጻፍባቸውም የተነሡበትን ወቅት ከፊት ለፊቱ አደባባይ መገመት ይቻላል።

የፈረንሳዊ አርክቴክት ንድፍ የሆነው ይህ ሕንፃ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ተመረቀ። የጅቡቲው ባቡር ግን ከተማዋ የደረሰው ከዚያ 12 ዓመት ቀድሞ፣ በ1909 ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886፣ ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ነው። በ1895 ሐዲዱ የሐረርን ተራራ ከመውጣት ይልቅ ቆላውን ይዞ ሄደና ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ ስላለቀበት ቀሪውን የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ጨረሰው። መስመሩ በጠቅላላ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

የካርዱን ዘመን ለመለየት ዋናው ምልክት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነው። የፈረንሳዊው ቀራፂ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ የሆነው አንበሳ በጣቢያው ፊት የቆመው ለጥቅምት 1923ቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ነበር። ስለዚህ ሕንፃው ኖሮ አንበሳው ከሌለ ካርዱ ወይ ከንግሡ በፊት የተነሣ ነው፣ ወይም ከጣሊያን ወረራ በኋላ። ሁለቱን ለመለየት ሰንደቅ ዓላማውን፣ መኪናውንና የሰዉን አለባበስ ማየት ያስፈልጋል። ጣሊያኖች አንበሳውን ዘርፈው ሮም ወሰዱት፤ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቀው የዶጋሊ ጦርነት መታሰቢያ ሥር አኖሩት። አርበኛው ዘርዓይ ደረስ ሰኔ 8 ቀን 1930 በጣሊያኖች ላይ በጎራዴ የተነሣው በዚያው ቦታ ነው። ሐውልቱ የተመለሰው በዚያው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከወረራው በኋላ በተነሡት ካርዶች ላይ የአንድ አደባባይ ባዶነት የአገር ውርደት ማስረጃ ሆኖ ይነበባል፤ ብዙ መጻሕፍት ይህን ያህል በግልጽ አያሳዩም።

የፓሪስ ሜትሮ መግቢያዎችም በፖስት ካርድ ይታተሙ ነበር። በ1892 የተከፈተው የዚያ መስመር በር፣ የሄክቶር ጊማር ብረት ሥራ፣ መንገደኛን ወደ መሬት ውስጥ የሚያወርድ ነው። የለገሃሩ ግን ከባሕር የመጣን እንግዳ ወደ ዋና ከተማ የሚያስገባ የአገር በር ስለነበር አደባባይና ሐውልት ታስቦለታል።

የአገር በር ይሁን እንጂ ለሁሉም አልደረሰም፤ ሐዲዱ ዓባይን አልተሻገረም። ከብቸና፣ ከሞጣና ከጉንደ ወይን የሚነሣ ነጋዴ ሸዋ የሚገባው በረሃውን ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ፣ ጭነቱን በአጋሰስ አስጭኖ ነበር። ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ባቡር ከዓባይ ማዶ ያለ ነገር ሆኖ ቀረ።

የድሮው መስመር ሥራ ካቆመ በኋላ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2009 ሲመረቅ መነሻው ወደ ለቡ ተዛውሯል። በ2008 የተከፈተው የከተማው ቀላል ባቡር ደግሞ በለገሃር ያልፋል።