ሱለይማን «ዲክ» ዐቤድ፦ በትንሽ ክለብ ትልቅ የሆነው ሙስሊም ስፖርተኛ

ዛሬ ከደቡብ አፍሪካ ሙስሊሞች መካከል የአንድ ስፖርተኛ ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ስሙ ሱለይማን ዐቤድ ነው፤ በስፖርቱ ዓለም ግን የሚታወቀው «ዲክ» በሚል ቅጽል ስም ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የኬፕታውንን የሙስሊም ማኅበረሰብ የመሠረቱት ሆላንዶች ከኢንዶኔዥያ ደሴቶችና ከሌሎች የህንድ ውቅያኖስ አገሮች በባርነትና በግዞት ያመጧቸው ሰዎች ናቸው። ዲክ በ1944 የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። ወንድሞቹም እንደ እሱ ስመ ጥር ስፖርተኞች ነበሩ።

ክሪኬት ለአገራችን ወጣት እንግዳ ስለሆነ ባጭሩ እናስረዳ። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው በእንጨት መምቻ ይመልሳል፤ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶችም ይጠብቃል። ወርዋሪው አንድ መቺ ባስወጣ ቁጥር «ዊኬት» ይቆጠርለታል። ዲክ በመወርወርም በመምታትም የተካነ ነበር።

ችሎታው ግን በአገሩ ዋጋ አላስገኘለትም። በአፓርታይድ ዘመን ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጠው ነጭ ብቻ ነበር። በ1966 ደግሞ መንግሥት ዲስትሪክት ሲክስ የተባለውን የኬፕታውን ሰፈር የነጮች ብቻ ብሎ አወጀው። ከ60,000 በላይ ሰው ተፈናቀለ፣ ቤቶቹም ፈረሱ። መስጂዶቹ ግን ቆመው ቀሩ።

ዲክ በ1967 ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዘ። በላንክሻየር ሊግ የሚጫወተው ኤንፊልድ የተባለ ክለብ ቀጠረው። ይህ ሊግ የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች ሊግ ነው። ተጫዋቾቹ የሰፈር ልጆችና ሠራተኞች ሲሆኑ ጨዋታውም ቅዳሜና እሁድ ነው። እያንዳንዱ ክለብ ደመወዝ የሚከፍለው ለአንድ ባለሙያ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቡድኑ ሲሸነፍ የሕዝቡ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በዚያ ሰው ላይ ነው። ዲክ ይህን ሸክም እስከ 1976 ድረስ ለአሥር የውድድር ዘመናት ተሸከመ። ከ800 በላይ ዊኬት ወሰደ፤ ከ5,000 በላይ ሩጫም አስመዘገበ።

በ1971 የደቡብ አፍሪካ የነጮች ክሪኬት ማኅበር ወደ አውስትራሊያ ሊጓዝ ሲዘጋጅ የዓለም ተቃውሞ በረታበት። ለማስታገስም ሁለት ነጭ ያልሆኑ ተጫዋቾችን እንጨምር አለ። ስማቸው የተነሳው ዲክ ዐቤድና ኦወን ዊሊያምስ ነበሩ። በሐሰን ሆዋ የሚመራው የነጭ ያልሆኑት የክሪኬት ቦርድ ግን ሐሳቡን አልተቀበለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ምርጫው በችሎታ ካልሆነና በሩ ለሁሉም ካልተከፈተ፣ ሁለት ሰው ማስገባት ግፉን ማስዋብ እንጂ ማንሳት አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፎርስተርም በበኩሉ ከለከለ፤ ጉዞውም ተሰረዘ።

ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም አቀፍ ክሪኬት የተመለሰችው በ1991 ነው። ያኔ ዲክ 47 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ለተወለደባት አገር አንድም ጊዜ ሳይሰለፍ ዕድሜው አለፈ።

የአላህ ሥራ ግን ይደንቃል! ዲክ ኑሮውን በሆላንድ መሠረተ፤ በ1982ም የሆላንድን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት መራ። የኬፕ ሙስሊሞችን አባቶች በሰንሰለት ያጋዘችው አገር፣ ከዚያው ማኅበረሰብ የወጣ ሰው ቡድኗን እንዲመራላት አደረገች። በጥር 2018 እዚያው ሆላንድ ውስጥ ይህችን ዱንያ ተሰናበተ። አላህ ይዘንለት።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ሃሺም አምላን ነው። ጢሙን አሳድጎ፣ የአልኮል ድርጅት ምልክት ከማልያው ላይ እንዲነሳለት ጠይቆ ተጫወተ፤ በ2014ም የደቡብ አፍሪካ የቴስት ክሪኬት አምበል ሆነ። አምላ በተከፈተ በር ገባ። በሩ እንዲከፈት ዋጋ ከከፈሉት መካከል ግን ስማቸው የማይነሳ እንደ ዲክ ያሉ ሰዎች አሉ።

ወንድሞችና እህቶች! ችሎታ እያለን በር የተዘጋብን ሲመስለን ሁለት ፈተና ይገጥመናል፤ አንዱ ተስፋ መቁረጥ፣ ሌላው ክብርን ሸጦ በጠባብ ቀዳዳ መግባት ነው። ከዲክ ታሪክ የምንማረው ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ባገኘነው ቦታ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሥራችንን አሳምሮ መሥራት። አሥር ዓመት በአንዲት ትንሽ ከተማ መታመን በአላህ ዘንድ አይጠፋም፤ በሰውም ዘንድ ይኸው እስከ ዛሬ ይወራል።

ወላሁ አዕለም።