የአንድራቻው ታላቅ ቤት

እኛ ተማሪዎች ስለ ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደስና ከሊባኖስ ስለ መጣው ዝግባ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። በቦንጋ አካባቢ፥ በአንድራቻ ስለ ነበረው የካፋ ነገሥታት ቤት ግን የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት የዚህን ቤት ታሪክ ባጭሩ ለመጻፍ አሰብን።

ካፋ ራሱን የቻለ መንግሥት በነበረበት ዘመን ንጉሡ «ታቶ» ይባል ነበር፤ የሚነግሠውም ከምንጆ ወገን ነው። «ሚክሬቾ» የሚባሉ 7 አማካሪዎችም ነበሩት። አንድራቻ ከነገሥታቱ ዋና መቀመጫዎች አንዱ ነበር።

በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በካፋ ላይ ዘመተ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ከተከላከሉ በኋላ ተማረኩ፤ ወደ ዙፋናቸውም ሳይመለሱ ሞቱ። በ1890 ዓ.ም. ከራሱ ጦር ጋር የተጓዘው የሩሲያ መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ስለ ቤቱ የሰማውን ጽፎልናል። ምሰሶዎቹ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሳቸው ግንዶች ነበሩ። ወታደሮቹም ቤቱን ለማፍረስ ብዙ ከደከሙ በኋላ በመጨረሻ በእሳት አቃጠሉት። እንግዲህ የጠራቢዎቹን ጥበብና የቤቱን ጽናት የመሰከረው የአፍራሾቹ ድካም ነው።

የካፋ ዘውድም ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። ዘውዱ ባሕር ተሻግሮ ተመለሰ፤ ቤቱ ግን እንጨት ስለ ነበረ አመድ ሆነ።

ነገር ግን ሁሉ ነገር አልጠፋም። ዛፉን የሰጠው ደን በከፊል ዛሬም ቆሟል፤ በ2002 ዓ.ም. የካፋ ደን በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በገጠርም ክቡን ቤት በእንጨትና በቀርከሃ አቁመው በሣር የሚከድኑ አባቶች አሉ። ይሁን እንጂ ቆርቆሮ የሣሩን ቦታ እየወሰደ ስለ ሆነ ይህ እውቀት በእነርሱ ዘመን እንዳያበቃ እንሰጋለን።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ደብተርና እርሳስ ይዘን ከአባቶቻችን አጠገብ እንቀመጥ፤ ምሰሶው እንዴት እንደሚመረጥ፥ ማገሩ እንዴት እንደሚታሰር፥ ክዳኑም ከየት እንደሚጀመር ጠይቀን እንጻፍ። የአንድራቻን ቤት እሳት ወሰደው፤ የቀረውን ጥበብ ግን የእኛ ዝምታ እንዳይወስደው።