ከመዶሻው በፊት ያለው ዕቅድ፦ የሲልሲላ የአሸዋ ድንጋይ ካባ ታሪክ ለአነስተኛ ካባዎች የሚያስተምረው

የድንጋይ ካባ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በሕንፃው ታሪክ ጥላ ሥር ሆኖ ነው። ቤተ መቅደሱ ሲደነቅ ድንጋዩ የወጣበት ጉድጓድ ይረሳል። ለሙያችን ግን ጉድጓዱ ከሕንፃው ያላነሰ ምስክር ነው፤ የመጀመሪያው መዶሻ ከመነሣቱ በፊት ምን እንደታሰበ፣ ምንስ እንደታለፈ በግድግዳው ላይ ይነበባልና። ለግቢ ንጣፍ፣ ለደረጃና ለድጋፍ ግንብ የሚሆን የአሸዋ ድንጋይ ለማውጣት አነስተኛ ካባ የሚያቅድ ባለሙያም ከዚህ ምስክር ብዙ ሊቀስም ይችላል።

በላይኛው ግብፅ፣ ከአስዋን በስተሰሜን 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ዓባይ በሁለት የአሸዋ ድንጋይ ኮረብታዎች መካከል ይጠባል። ቦታው ገበል ኤል ሲልሲላ ይባላል። የጥንት ግብፃውያን ቀደም ሲል በአብዛኛው የሚገነቡት በኖራ ድንጋይ ነበር። ከ18ኛው ሥርወ መንግሥት ጀምሮ ግን የአሸዋ ድንጋይ የታላላቅ ቤተ መቅደሶች ዋነኛ ድንጋይ ሆነ፤ ረዘም ያለ አግዳሚ ለማውጣት ይመች ነበርና። ሥራው እስከ ሮማውያን ዘመን ቀጠለ። 134 ዓምዶች ያሉት የካርናክ ታላቁ አዳራሽ የቆመው በአሸዋ ድንጋይ ነው።

የሲልሲላ ጠራቢዎች የመጀመሪያ ትምህርት ድንጋዩን ማንበብ ነው። የአሸዋ ድንጋይ በንብርብር የተቀመጠ በመሆኑ በንብርብሩ አቅጣጫ በቀላሉ ይላቀቃል፤ በሌላ አቅጣጫ ግን ያስቸግራል። በአክሱም አቅራቢያ በጎቤድራ ኮረብታ ሐውልቶቹ የተፈለጡት ተከታታይ የሽብልቅ ቀዳዳዎች በመብሳት ነበር፤ ያ ድንጋይ ንብርብር የሌለው፣ ከእሳተ ገሞራ ቅላጭ የቀዘቀዘ ጠንካራ አለት ነውና። በሲልሲላ ግን ሠራተኞቹ ከላይ ወደ ታች በእርከን እየወረዱ፣ በሚፈለገው ድንጋይ ዙሪያ ቦይ ቆፍረው፣ በመጨረሻ ከሥሩ ያላቅቁት ነበር።

ቦዩ ራሱ የሚባክን ድንጋይ መሆኑን ማስላት ይገባል። የቦዩ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ጎረቤት ድንጋዮች አንዱን ቦይ ቢጋሩ፣ የእያንዳንዱ ድንጋይ ጎን 1 ሜትር ሲሆን ከወለሉ 17 በመቶ ያህሉ ይጠፋል። ጎኑ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ግን ጥፋቱ 31 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በመሆኑም የሚሸጠው ድንጋይ መጠን ከካባው ፊት ቀድሞ መወሰን አለበት። ትልቁን አውጥቶ በኋላ መሰንጠቅ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ያዋጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍርስራሹና ማጓጓዣው ነው። የአሸዋ ድንጋይ አንድ ሜትር ኩብ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። በሲልሲላ ፍርስራሹ እንደ ቆሻሻ ብቻ አልተቆጠረም፤ ድንጋዩ ወደ ወንዙ የሚወርድበት መንሸራተቻ ከእርሱ ተሠርቷል። ክብደት ለመቀነስም ድንጋዩን እዚያው በከፊል መቅረጽ የተለመደ ነበር። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፍራው የሚያጠናው የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው፣ 5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የበግ ራስ ያልተጠናቀቀ ስፊንክስ ለዚህ ማስረጃ ነው። ፍርስራሹን ገና ባልተቆፈረ ድንጋይ ላይ የሚከምር ካባ ግን ነገ ለማንሣት ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል።

ሦስተኛው የሰው ጉዳይ ነው። በንጉሥ ሴቲ ቀዳማዊ 6ኛ ዓመት፣ በ13ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቀረጸ ጽሑፍ 1,000 ሰዎች ለድንጋይ ሥራ መላካቸውን ይናገራል። ለእያንዳንዱ በየቀኑ 20 ደበን፣ ማለትም 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ ዳቦ፣ እንዲሁም አትክልትና ሥጋ መመደቡን ይዘረዝራል። ካባ የሚታቀደው በድንጋይ ብቻ ሳይሆን በቀለብም መሆኑን ከ3,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ መዝገብ ያስረዳል።

ስለ አቧራው ግን መዝገቡ ዝም ይላል። የአሸዋ ድንጋይ በአብዛኛው ኳርትዝ ሲሆን፣ ሲጠረብና ሲቆረጥ የሚነሣው ረቂቅ ብናኝ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያስከትላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1930 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ በሽታ በጆሃንስበርግ ጉባኤ አካሂዷል፤ እንግዲህ ጉዳቱ አልታወቀም ማለት አይቻልም። በሞተር የሚሠራ መቁረጫ ከመሮ ይልቅ እጅግ ብዙ ብናኝ ስለሚያነሣ፣ ውኃ እያፈሰሱ መቁረጥ፣ የመጥረቢያውን ቦታ ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር አስተካክሎ መምረጥና ተስማሚ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማዘጋጀት ከመሣሪያ ግዥ እኩል በዕቅዱ ሊጻፉ ይገባል። ያልተጻፈ ወጪ ሳይከፈል አይቀርም፤ የሚከፍለው ግን ሠራተኛው ነው።

በአገራችን በአምቦ አካባቢ የሚወጣው የአሸዋ ድንጋይ በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ግድግዳና በግቢ ንጣፍ ላይ ይታያል። በዚያ አካባቢ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ በጉደር ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ለፈርዖኖቹ ይህ ውኃ በረከት ነበር፤ ሙላቱ በነሐሴና በመስከረም ከፍ ሲል የተጫኑ ጀልባዎች እስከ ቴብስ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በቀላሉ ይወርዱ ነበር። በሲልሲላም ለወንዙ መሥዋዕት የሚደነግጉ ጽሑፎች ቆመዋል። ለእኛ ካባ ግን ያው ዝናብ ጉድጓዱን የሚሞላ፣ መንገዱን የሚያጨቀይና የካባውን ፊት የሚንድ ነው። ስለዚህ የካባው ወለል ውኃውን ወደ ውጭ እንዲያፈስ ዘንበል ብሎ መቆፈር፣ ከበላዩ ማስቀየሻ ቦይ መውጣት፣ የክረምቱ ወራት ሽያጭም በበጋ በተከማቸ ድንጋይ መሸፈን ይኖርበታል።

በመጨረሻም የመዝጊያው ዕቅድ ከመክፈቻው ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። መጀመሪያ የተነሣው ለም አፈር ለብቻው ከተቀመጠ፣ ድንጋዩ ሲያልቅ ወደ እርከኖቹ ተመልሶ ሣርና ዛፍ ያበቅላል። ከፍርስራሽ ጋር ከተደባለቀ ግን ገበሬው የሚረከበው የእርሻ መሬት ሳይሆን ውኃ ያቆረ ገደል ይሆናል። ፈርዖኖቹ በበረሃ ዳር ይህን ማሰብ አላስፈለጋቸውም ይሆናል፤ ከማሳ አጠገብ የሚቆፍር ባለሙያ ግን ሊያልፈው አይችልም።