ፈቂሁ ኢብኑ ነፊስ እና የልባችን ግድግዳ



ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በታመመ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቁት ሄዱ። እጃቸውን ደረቱ ላይ አሳረፉ፤ ቅዝቃዜውም እስከ ልቡ ተሰማው። ሕመሙ የልብ መሆኑን ነግረውት፣ ሕክምና ወደሚያውቀው የሰቂፍ ሰው ወደ ሓሪስ ኢብኑ ከለዳ እንዲሄድ አዘዙት። ሰባት የዐጅዋ ተምርም ጠቀሱለት። ዘገባው በሱነን አቢ ዳውድ ይገኛል፤ ሰነዱ ላይ ዑለማዎች ተነጋግረውበታል፣ ደካማ ያሉትም አሉ። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ይህን ሐዲስ የሚያወሳ ሰው ሁሉ ተምሩን ያስታውሳል፤ ሐኪሙን ግን ይረሳዋል።

መስጂዳችን ደረታቸውን ይዘው ሩቅያ ፈልገው የሚመጡ ሰዎች አሉ። እንቀራላቸዋለን፣ ዱዓም እናደርጋለን። «ሐኪም አይቶዎታል?» ስንላቸው ግን አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል፤ ኢማናቸውን የተጠራጠርን ይመስላቸዋል። ዛሬ ስለ አንድ ፈቂህ ልጽፍ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ዐላኡዲን ዐሊ ኢብኑ አቢ አል-ሐዝም አል-ቀርሺ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ኢብኑ ነፊስ ብሎ ነው። በ607 ዓ.ሂ ገደማ ደማስቆ አካባቢ ተወለደ። ሕክምናን በኑሪ ሆስፒታል ከታዋቂው ሐኪም ከአድ-ደኽዋር ተማረ፤ ኋላም ወደ ካይሮ ሄደ። በካይሮው መስሩሪያ መድረሳ የሻፊዒ ፊቅህ ያስተምር ነበር። እኛ ደረሳ ሆነን ስሙን የምንሰማውን «አት-ተንቢህ» የተባለውን የፊቅህ ኪታብ አብራርቶ ጽፏል፤ በሐዲስ ዑሱልም ሥራ አለው። ጠዋት ስለ ውዱእ ሲያስተምር ውሎ ከሰዓት የበሽተኛ የልብ ትርታ የሚያዳምጥ ሰው ነው እንግዲህ።

በዚያ ዘመን በልብ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የግሪኩ ጋሌን ነበር። ጋሌን እንዳለው ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ፣ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሰው ሁሉ ይህን ተቀበለ፤ ኢብኑ ሲናም በ«ቃኑን» ያን መንገድ ተከተለ። ኢብኑ ነፊስ በ1242 (እ.ኤ.አ) አካባቢ፣ ገና በሠላሳዎቹ መግቢያ ሳለ፣ የ«ቃኑን»ን የአካል ክፍል ትምህርት ሲያብራራ፦ ግድግዳው ድፍን ነው፣ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ የለውም አለ። ደሙ ከቀኝ ክፍል ወጥቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ እዚያ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል። (ግድግዳቸው ተበስቶ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ እሱ ግን ሕመም ነው፣ ሐኪሞች ዛሬ በኢኮ ያዩታል። በአገራችን ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የሚበላሸው የልብ ቫልቭም የሚታየው በዚሁ መሣሪያ ነው።)

አስከሬን ከመቅደድ ሸሪዓውም ርኅራኄውም እንደከለከሉት ራሱ በመግቢያው ጽፏል። ታዲያ እንዴት አወቀ? ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ጽሑፎች ያልፉታል፣ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ልብ በውስጡ ካለው ደም ይመገባል የሚለውን የኢብኑ ሲናን ቃል አልተቀበለም። ልብ የሚመገበው በራሱ ሥጋ ውስጥ በተዘረጉ ደም ሥሮች ነው አለ። ድንገተኛው የልብ ሕመም፣ «ሃርት አታክ» የምንለው፣ የእነዚህ ሥሮች መዘጋት ነው። ልብ በደም ተሞልቶ ሳለ ጡንቻው ደም አጥቶ ይሞታል። ሱብሐነላህ!

ፌስቡክ ላይ «ሃርቪ ከሙስሊሞች ሰረቀ» የሚል ጽሑፍ ሲዞር አያለሁ። ይህን አንበል። በሳንባ በኩል ያለውን ዙር ኢብኑ ነፊስ ቀድሞ ጻፈ፤ ደም በመላ ሰውነት እንደሚዞር በ1628 ያሳየው ሃርቪ ነው። የኢብኑ ነፊስ ኪታብ ደግሞ ተረስቶ ኖሮ፣ ሙሕዪዲን አት-ተጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅጂውን አግኝቶ በ1924 በጀርመን ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን ሠራበት። በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ለሆላንዳዊው አይንትሆቨን ተሰጠ፤ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ኢ.ሲ.ጂ የሠራው እሱ ነው።

በ1929 ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ቀጭን ቱቦ በክንዱ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ቀኝ ልቡ ገፋው፤ ከዚያ በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሳ። በወቅቱ ነቀፉት፤ በ1956 ኖቤል አገኘ። ዛሬ ያ ቱቦ ካቴተር ይባላል፤ ከቀኝ ልብ አልፎ ወደ ሳንባ ሥር ሲገባ የሚሄደው ኢብኑ ነፊስ በጻፈው መንገድ ነው።

ደረቱን የታመመ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ መጀመሪያ ኢ.ሲ.ጂ ይነሳል። ደሙም ይመረመራል፤ የተጎዳ የልብ ጡንቻ ትሮፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃልና። ቶሎ ላይታይ ስለሚችል ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። የተዘጋ ሥር ከተጠረጠረ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ካቴተር ገብቶ ቀለም ይረጫል፣ መዘጋቱ በራጅ ይታያል። ግሩንትሲግ በ1977 ዙሪክ ውስጥ የተዘጋውን ሥር በትንሽ ፊኛ ከፈተ፤ ኋላ ስቴንት የሚባለው የብረት መረብ ተጨመረ። ይህ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ በዘገየ ቁጥር የሚሞተው ጡንቻ ይበዛል። ሩቅያው በመኪና ውስጥም ይቀራል።

ኢብኑ ነፊስ በ687 ዓ.ሂ ካይሮ ውስጥ ታመመ። ሐኪም ጓደኞቹ ለመድኃኒት ብለው ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከሩት፤ በሆዱ ኸምር ይዞ ከአላህ ጋር መገናኘትን እምቢ እንዳለ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ቤቱንና ኪታቦቹን ግን ለመንሱሪ ሆስፒታል ወቅፍ አድርጓል። ሱልጣን ቀላዉን ያሠሩት ሆስፒታል ነው፤ በቦታው ዛሬም የዓይን ሆስፒታል አለ።

ወላሁ አዕለም።