የትከሻ ኮንድሮላይሲስ

የትከሻ ኮንድሮላይሲስ በትከሻ መገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ በጥቂት ወራት ውስጥ አልቆ የሚጠፋበት ጉዳት ነው። በአብዛኛው የሚከሰተው ከአርትሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና በኋላ ነው። በይበልጥ የሚታወቀው መንስኤ ሕመምን ለማስታገስ ሲባል ማደንዘዣ መድኃኒትን ለቀናት ያለማቋረጥ ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ማፍሰስ ነው።

ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው በዋናነት ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። በውስጡ ያሉት ኮንድሮሳይት የተባሉ ሕዋሳት ጥቂት ናቸው፤ ሲሞቱም ሰውነት እምብዛም አይተካቸውም። ነርቭም ስለሌለው በመጎዳት ላይ ሳለ ራሱ ሕመም አይሰማውም። የትከሻ ካርቲሌጅ ደግሞ ከጉልበቱ ይልቅ ስስ ነው።

የሕመም ማስታገሻ ፓምፕ

ከትከሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ሕመም ከባድ ነው። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ታካሚው በዕለቱ ወደ ቤቱ እንዲሄድ የሚያስችል፣ እንደ ፊኛ የተለጠጠ ከረጢት ያለው ፓምፕ ሥራ ላይ ይውል ነበር። ከረጢቱ ሲሟሽሽ ብዙውን ጊዜ ቡፒቫኬይን የተባለው ማደንዘዣ በቀጭን ቱቦ ይፈስሳል። የቱቦው ጫፍ የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ነው። ጫፉ በመገጣጠሚያው ውስጥ ከሆነ ካርቲሌጁ ለ2 ወይም 3 ቀናት በመድኃኒቱ ይነከራል።

በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አርትሮስኮፒ የተደረገላቸውን 177 ትከሻዎች መርምሮ በ12ቱ ኮንድሮላይሲስ አግኝቷል። 12ቱም በመገጣጠሚያቸው ውስጥ ቡፒቫኬይንና ኤፒነፍሪን የሚያፈስ ፓምፕ የነበራቸው ሲሆኑ፣ እንዲህ ያለ ፓምፕ የገባላቸው ትከሻዎች በጠቅላላው 19 ብቻ ነበሩ። የላቦራቶሪ ሙከራዎችም ቡፒቫኬይን ኮንድሮሳይቶችን እንደሚገድል፣ መጠኑና የቆይታው ጊዜ በጨመረ ቁጥርም ጉዳቱ እንደሚብስ አሳይተዋል። ሮፒቫኬይን በእነዚህ ሙከራዎች ጉዳቱ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ ግን ፍጹም ደህና ነው ማለት አይደለም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በኅዳር 2009 እ.ኤ.አ. 35 የኮንድሮላይሲስ ሪፖርቶች እንደደረሱት አስታወቀ። ከጥቂቱ በቀር ሁሉም የትከሻ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። ተጎጂዎቹ በአብዛኛው ሌላ ሕመም የሌለባቸው ወጣቶች ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ማደንዘዣዎቹም ሆኑ ፓምፖቹ በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለማቋረጥ እንዲፈስሱ ፈቃድ እንዳልተሰጣቸው ገልጾ፣ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጨመር አዘዘ።

ፓምፑ ብቸኛው ምክንያት አይደለም። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ጅማቶችን ለማጥበቅ የሚሰጥ ሙቀት፣ ከአጥንቱ ወጣ ብሎ የቀረ ማሰሪያ ብሎን፣ እንዲሁም ኢንፌክሽን ካርቲሌጅን ሊያጠፉ ይችላሉ።

ምልክቶችና ሕክምና

ሕመሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተሽሎት የነበረን ሰው መልሶ ይይዘዋል፤ አንዳንዴም በ2ኛው ወር ይጀምራል። ትከሻው ይደርቃል፣ ክንድን ማንሳት ያስቸግራል፣ ሲንቀሳቀስም ይንቋቋል። በራጅ ሲታይ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ጠብቧል ወይም ጠፍቷል። የጠፋውን ካርቲሌጅ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ፊዚዮቴራፒና የሕመም ማስታገሻ ካልበቁ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሊገባ ይችላል፤ ይህም በጊዜ ብዛት ስለሚያልቅ ወይም ስለሚላላ ለወጣት ታካሚ አስቸጋሪ ምርጫ ነው።

ሕመሙን መገጣጠሚያውን ሳይነኩ ማስታገስ ይቻላል። ከአንገት ሥር ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ማደንዘዝ አንዱ መንገድ ሲሆን፣ ማደንዘዣው ካርቲሌጁን አያገኘውም። ነገር ግን በዚያው ወገን ያለውን ድያፍራም ለጊዜው ሊያሰንፍ ስለሚችል ከባድ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፓራሲታሞል፣ የፀረ ብግነት መድኃኒቶችና በረዶም ከዚሁ ጋር ይሰጣሉ።