ስለ ኮምፒዩተር እንቅልፍና ስለ ፈቃጁ

በአዋሽ ሸለቆ ቁልቁል ወደ ሚሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ የአየሉ ተራራ በሚታይባት በገዋኔ፣ የቀትሩ ሐሩር በበረታ ጊዜ በቢሮ ውስጥ ሙቀት የሚጨምር ማናቸውም ነገር እንደ ባላጋራ ይቆጠራል፤ ሥራ ፈትቶ የሚበራ ኮምፒዩተርም የሚበላውን ኤሌክትሪክ መልሶ ሙቀት አድርጎ በክፍሉ ስለሚያፈስ፣ መቼ እንዲያንቀላፋ የሚያዝዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከደጋው ይልቅ እዚህ ይከብዳል። ኤሌክትሪኩ ራሱ ከወንዙ ጋር የቆየ ዝምድና አለው፤ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 43 ሜጋዋት ያህል የሚያመነጨውን የቆቃን ተርባይን የሚያዞረው፣ ኋላ በገዋኔ በኩል የሚያልፈው ይኸው አዋሽ ነውና።

ኮምፒዩተሩን የማስተኛቱ ሥልጣን ታሪክ ግን በባሕር ማዶ የተጻፈ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 «ኢነርጂ ስታር» የተባለውን ምልክት አስቀድሞ ለኮምፒዩተርና ለስክሪን ሲሰጥ፣ በዊንዶውስ 95ም ዘመን፣ በወንበሩ የተቀመጠ ሁሉ የመሣሪያው ጌታ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ በየመሥሪያ ቤቱ በሠለጠነ ጊዜ ግን፣ የአድሚን (የአስተዳዳሪ) ማዕርግ የሌለው ሠራተኛ የኃይል ቅንብሩን ልለውጥ ቢል ይከለከል ነበር፤ አድሚኑም ቢሆን ቅንብሩን በአንድ ትእዛዝ ለኔትወርኩ ሁሉ የሚያደርስበት መንገድ በሲስተሙ ውስጥ ስላልተበጀለት፣ የሚፈልገው ሳይችል፣ የሚችለውም ሳይደርስለት ብዙ ኮምፒዩተር ሲበራ ያድር ነበር። ይህን ማሰሪያ የፈታው እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ነው፤ ተራው ተጠቃሚ ቅንብሩን እንዲለውጥ ፈቀደ፣ ለአድሚኑም «ግሩፕ ፖሊሲ» በተባለው፣ ቅንብርን ከማዕከል ለብዙ ኮምፒዩተር በሚያወርደው መሣሪያ የመደንገግ ሥልጣን ሰጠ፤ ከላይ የተደነገገውን ግን ከታች ያለው ሊሽረው አይችልም።

ድንጋጌው ከማዕከል መውጣቱን አልነቅፍም፤ የሚያሳዝነኝ የደጋውን ልክ በቆላው ላይ መጫን ነው። ኮምፒዩተሮቹን በየአገሩ መድቦ ለየምድቡ የተለየ ፖሊሲ መስጠት ይቻላልና፣ ለገዋኔ የሚወጣው ፖሊሲ ሁለቱን የእንቅልፍ ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ ይገባዋል፦ «ስሊፕ» የሚባለው ሥራውን በሚሞሪ ብቻ ስለሚያቆይ መብራት በጠፋ ቅጽበት ሁሉ ይጠፋል፤ «ሃይበርኔት» ግን ሁሉን በሃርድ ዲስክ ጽፎ ስለሚያስቀምጥ፣ መብራቱ በማግሥቱ እንኳ ቢመለስ ጸሐፊው ደብዳቤውን ካቋረጠበት ቃል ላይ ያገኘዋል።