የሳብያ ባለገመድ ድንክ አልጋ

በሳዑዲ ዓረቢያ የጂዛን ቆላ ከተሞች የሳምንቱን ቀናት ለገበያ ተከፋፍለዋቸዋል። እሑድ የአሐድ አል መሳርሓ ነው፤ ሰኞ የሳምጣ፣ ማክሰኞ የሳብያ፣ ረቡዕ የአቡ አሪሽ። ከሐሙሲት ወይም ከማክሰኚት ለሄደ ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። በድሮው ጊዜ ገበሬው ማሽላውንና ሰሊጡን፣ ሸክላ ሠሪዋ ጋንና ማሰሮዋን፣ ገመድ ፈታዩ የዘንባባ ገመዱን ይዘው በየቀናቸው ይወጡ ነበር። ዛሬ ስለ አሮጌ የቤት ዕቃ የሚጨነቅ ሰው ከዚያ ዓለም አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ ቢባል፣ ምርጫው ቀዓዳ የሚባለው ባለገመድ ድንክ አልጋ ሊሆን ይገባል።

ቀዓዳ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነው። አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ ከዚያ ገመድ። እንጨቱ ብዙ ጊዜ ከቁርቁራ ወይም ከሌላ ጠንካራ የቆላ ዛፍ ይወጣል። የአግዳሚዎቹ ጫፍ ይቀረጽና እግሩ ላይ በተፈለፈለው ቀዳዳ ይሰካል። ገመዱ ከዱም ዘንባባ ቅጠል የሚሠራ ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በመዳፍ እየተፈተለ ሁለቱ ክሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይገመዳሉ። በአዋሽ ቆላ የአፋር ሴቶች ሰሌን ሲሠሩ ያየ ሰው ቅጠሉን ከሩቅ ይለየዋል፤ ዛፉ አንድ ነውና።

ጥበቡ ያለው አወጣጠሩ ላይ ነው። ገመዱ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ እየተመላለሰ ሲጠብቅ አራቱንም ጎን ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ሰው በላዩ ሲቀመጥ መጋጠሚያው ይበልጥ ይጨመቃል እንጂ አይላቀቅም። ሚስማርም ሙጫም አላስፈለገውም። ገመዱ ሲረግብ እንደገና ይወጠራል፤ ሲበጠስ የተበጠሰው ተቆርጦ በአዲስ ይቀጠላል። እንጨቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ ገመዱ ግን በየጊዜው ይታደሳል። አንድን ቀዓዳ ያረጀ ነው ወይስ አዲስ ብሎ መወሰን የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው። እንጨቱን የጠረበው ሰው ከሞተ ስልሳ ዓመት ሊሆነው ይችላል፤ ገመዱን የወጠረው ግን ገና በሕይወት ሊኖር ይችላል።

ሌላው መለያው ቁመቱ ነው። ቀዓዳ ከተለመደው ሶፋ ከፍ ይላል፤ አጭር ሰው ሲቀመጥበት እግሩ ይንጠለጠላል። ይህ የሆነው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ቲሃማ የሚባለው የቀይ ባሕር ዳርቻ ሜዳ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር የተዳበለ ስለሆነ፣ ሰውነትን ከመሬት ማራቅና ከሥር ነፋስ ማስገባት የግድ ነበር። ጊንጥና እባብም አለ። ከአሲር ተራሮች ዝናብ ሲወርድ እንደ ዋዲ ሳብያና ዋዲ በይሽ ያሉ ሸለቆዎች በድንገት ይሞላሉ፤ መሬቱም ይጨቀያል። ከአልጋው በታች ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ ሣጥንና ዕቃ ይይዝ ነበር። ፍራሽ የሌለው የገመድ መረብ ላብን አያቁርም፤ ከላይ ያለው ሰው ከጀርባውም ከደረቱም ነፋስ ያገኛል። በእንዲህ ያለ አየር ከዚህ የተሻለ መኝታ ማሰብ ያስቸግራል።

ቤቱም ለዚሁ የተሰናዳ ነበር። የጂዛን ቆላ ሰው ዑሻ በሚባል ክብ የእንጨትና የሣር ጎጆ ይኖር ነበር። ከውጭ ሲታይ የገበሬ ጎጆ ነው። ውስጡ ግን በጭቃ ተለስኖ በቀለም ይሳልበታል፤ ግድግዳው ላይ ያጌጡ ሳህኖች ይሰቀላሉ፤ ቀዓዳዎቹም ዙሪያውን ይደረደራሉ። እንግዳ ሲመጣ የሚወጣው በዚያ ከፍታ ላይ ነው። ማታ ሙቀቱ ሲጠና አልጋው ተነሥቶ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ሁለት ሰው በቀላሉ ይሸከመዋል። በየመን በኩል ባለው ቲሃማም ሥርዓቱ ያው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት የዘቢድ ከተማ ሰዎች ከዑሻ ይልቅ በጡብ ቤት ቢኖሩም፣ የእንግዳ ክፍላቸውን የሚሞላው ይኸው ከፍ ያለ ባለገመድ ድንክ አልጋ ነው።

ሳብያ ደግሞ እንግዳ የማይጠፋባት ከተማ ነበረች። ሞሮኮ ተወልዶ በመካ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው የሱፊው ሊቅ አሕመድ ኢብን ኢድሪስ በመጨረሻ የሠፈረው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1837 ሲያርፍ የተቀበረውም እዚሁ ነው። ተማሪና ጎብኚ ከየአገሩ ይመጣ ነበር። የልጅ ልጁ ልጅ ሙሐመድ ኢብን ዓሊ አል ኢድሪሲ ሳብያን መቀመጫው አድርጎ በኦቶማን ቱርክ ላይ ተነሣና እስከ ሞተበት እስከ 1923 ድረስ የራሱን ግዛት መራ። በ1911 እና በ1912 ጣሊያን ከቱርክ ጋር ስትዋጋ፣ ለእርሱ የሚሆን መሣሪያ የሚሻገረው ከኤርትራ ዳርቻ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ዛሬም በአሮጌው ሳብያ ይታያል። አካባቢው በ1934 በጣኢፍ ውል ለሳዑዲ ዓረቢያ ሲጸና፣ ከተማዋ የመንግሥት መቀመጫነቷን ብታጣም ገበያዋን አላጣችም።

የገመድ አልጋው ከሳብያ ወጥቶ ሲታይ ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። በሱዳን ኬርማ፣ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ሙታናቸውን በአልጋ ላይ አስተኝተው ይቀብሩ ነበር። አሜሪካዊው ጆርጅ ራይስነር እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 ባካሄደው ቁፋሮ ካወጣቸው ውስጥ የግርጌ ሰሌዳቸው በዝሆን ጥርስ የአራዊት ምስል የተለበጠ ይገኙበታል። ቅርጹ አንገረብ ከሚባለው ከዛሬው የሱዳን ባለገመድ አልጋ ብዙም አይርቅም። ኢብን ባጡጣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድን ሲጎበኝ ስለ አልጋዋ ጽፏል፤ አንድ ሰው የሚሸከመው ቀላል፣ አራት እግርና አራት አግዳሚ ያለው፣ በሐር ወይም በጥጥ ገመድ የተሸመነ ነው ይላል። በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ የጠፍር አልጋ አለ። የበሬ ቆዳ እርጥብ ሳለ እንደ ገመድ ይተለተላል፣ አግዳሚው ላይ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ደገኛው በእጁ ያለው ከብት ነውና ቆዳ ወጠረ፤ ቆላተኛው በእጁ ያለው ዘንባባ ነውና ቅጠል ገመደ። እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የተወለደው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1940ዎቹ ቲሃማን ሲያቋርጥ መንደሮቹ አፍሪካን ያስታወሱት ያለ ምክንያት አልነበረም።

በዚያው በ1940ዎቹ አውሮፓና አሜሪካ የራሳቸውን ድንክ አልጋና ወንበር በአዲስ መልክ እየሠሩ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት የመካከለኛው 20ኛ ክፍለ ዘመን ዘመናዊ የቤት ዕቃ የሚባለው ያ ነው። ብዙው የተወለደው ከእጥረት ነበር። ዴንማርካዊው የንስ ሪሶም በአሜሪካ ለኖል ኩባንያ ወንበር ሲነድፍ የጦርነት ጊዜ ነበርና ጨርቅም ስፕሪንግም አልተገኘም፤ እርሱም ከጦር ሠራዊት የተረፈ ጠፍር መሰል ጥብጣብ ሸመነበት። ሌላው ዴንማርካዊ ሃንስ ቬግነር በ1949 የነደፈው ዋይ ወንበር መቀመጫው ከተጠማዘዘ ወረቀት በተሠራ ገመድ የሚሸመን ሲሆን፣ ለአንዱ ወንበር 120 ሜትር ያህል ይፈጃል። እስከ ዛሬም የሚሸመነው በእጅ ነው። ገላጣ እንጨት፣ የማይደበቅ መጋጠሚያ፣ ፍራሽ የማይጠይቅ ሽመና፣ ቀንም ሌሊትም የሚያገለግል ቅርጽ፦ የኮፐንሃገን አናጺዎች የተመሰገኑበት ሁሉ በሳብያ ዑሻ ውስጥ ነበር። ልዩነቱ የኮፐንሃገኑ የነዳፊው ስም፣ የተነደፈበት ዓመትና የፋብሪካው ማኅተም ያለው መሆኑ ነው። የሳብያው የለውም፤ ዋጋውን የወሰነውም ይኸው ነው።

ስም አልባ ዕቃ ምን እንደሚደርስበት የሕንዷ ቻንዲጋር ታስተምራለች። ለ ኮርቡዚዬ ከተማዋን ሲነድፍ፣ የአጎቱ ልጅ ፒየር ዠነሬ በ1950ዎቹ ለመሥሪያ ቤቶቿ ከቲክ እንጨትና ከሸምበቆ ሽመና ወንበርና ጠረጴዛ አሠራ። ከአርባ ዓመት በኋላ ወንበሮቹ ጣሪያ ላይና ግቢ ውስጥ ተጥለው በቁራሌ ዋጋ ይሸጡ ነበር። የፓሪስ ነጋዴዎች ገዝተው፣ አድሰው፣ ስም ሰጥተው በአውሮፓና በአሜሪካ ጨረታዎች በሺዎች ዶላር ሸጧቸው። የሕንድ መንግሥት ሽያጩንና ወደ ውጭ መውጣቱን ለመግታት መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ያን ጊዜ ብዙው ሄዷል። ወንበሮቹን የጠረቡትና የሸመኑት የአገሬው ባለሙያዎች ስም ደግሞ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አልወጣም።

በጂዛን ለውጡ የመጣው ከነዳጅ ገንዘቡ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ብሎኬትና ሲሚንቶ ዑሻውን ተካ። ኤሲ ሲገባ ከሥር ነፋስ የሚያስገባ አልጋ አስፈላጊነቱ ቀረ። ስፖንጅ ፍራሽና የዓረብ መጅሊስ መሬት ላይ ተነጠፉ። ቀዓዳው መጀመሪያ ከሳሎን ወደ ግቢ፣ ቀጥሎ ከግቢ ወደ እርሻ ወጣ። የእንጨቱን ቦታ የብረት ቱቦ፣ የዘንባባውን ቦታ ናይለን ገመድ ያዘ። ናይለን ረጅም ዕድሜ አለው፣ ዝናብም አይጎዳውም፤ ነገር ግን ላብ አይመጥም፣ በፀሐይም ይግላል። ያም ሆኖ የናይለኑን ቀዓዳ መናቅ ስሕተት ነው። ቅርጹን በሕይወት ያቆየው እርሱ ነው፤ አወጣጠሩንም የሚያውቁ እጆች እንዳይጠፉ ሥራ የሰጠው እርሱ ነው።

አሁን ነገሩ እየተገላበጠ ነው። በጂዛን ከተማ የቅርስ መንደር ውስጥ የቆላው ቤት፣ የተራራው ቤትና የፈረሳን ደሴት ቤት ጎን ለጎን ተሠርተው ይታያሉ፤ የክረምቱ ፌስቲቫል ጎብኚም ዑሻው ውስጥ ገብቶ ቀዓዳው ላይ ይቀመጣል። የሳዑዲ የባህል ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. 2025ን የእጅ ሥራ ዓመት ብሎ ሰይሞታል። አሮጌ ዕቃ በግል ቤታቸው ሰብስበው እንደ ሙዚየም የሚያሳዩ ሰዎችም በየከተማው አሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። አደጋው ግን አብሮ መጥቷል፤ ፈላጊ ሲበዛ አሮጌ እንጨት ይገፈፋል፣ ቀለሙ ይፋቃል፣ በቫርኒሽ ይብለጨለጫል፣ ታሪኩም አብሮ ይፋቃል።

አሮጌ ቀዓዳ የሚያየው ሰው መጀመሪያ መመርመር ያለበት እግሩን ነው። ምስጥ የሚጀምረው መሬት ከሚነካው ጫፍ ነው፤ ቀዳዳ ባይታይም ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ካሰማ ውስጡ አልቋል። ቀጥሎ መጋጠሚያው ይታያል። ሚስማር ካለ በኋላ የተጠገነ ነው፤ ሚስማር ከሌለና ቀዳዳው በእጅ መፈልፈያ የተሠራ ሻካራ ከሆነ የቀድሞው ሥራ ነው። የአግዳሚው የላይኛው ጠርዝ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ይናገራል። ገመድ ለብዙ ዓመታት የተወጠረበት እንጨት በየገመዱ ልክ ተበልቶ ለስላሳ ጎድጓዳ መሥመር ያወጣል፤ መሥመሮቹ ሁለት ዓይነት ከሆኑ አልጋው በሁለት የተለያዩ እጆች ተወጥሯል ማለት ነው። ይህን በአሸዋ ወረቀት የሚያጠፋ አዳሽ የዕቃውን ብቸኛ የልደት ወረቀት ያጠፋል። የበሰበሰ ገመድ መቀየር ግን ነውር የለውም፤ ቀዓዳ ሲሠራም እንዲታደስ ሆኖ ነው። በዱም ገመድ የሚወጥር ሰው ከተገኘ ክፍያው ቢወደድም ሊከፈለው ይገባል።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተው የአፍሪካ አዳራሽ ከዓመታት ዕድሳት በኋላ በ2024 ሲመረቅ፣ ሕንፃው ብቻ ሳይሆን የዘመኑ የቤት ዕቃም ታስቦበት ታድሷል። ለዚያ አርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ የሚታወቅ ስም፣ ሕንፃውም ባለቤት ነበረው። ለጠፍር አልጋና ለቀዓዳ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለም። ጠባቂያቸው በእጁ ያለው ሰው ነው።

በሳብያ፣ በአቡ አሪሽና በሳምጣ በእርሻና በቤት ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን እነዚህን አልጋዎች በየቀኑ ያያሉ፤ ብዙዎቹም ከሥራ በኋላ ጎናቸውን የሚያሳርፉት በእነርሱ ላይ ነው። አሰሪ አሮጌውን ቀዓዳ አውጥቶ ሊጥል ሲል፣ ማን ጠረበው፣ ማን ወጠረው፣ ከየትኛው ገበያ ተገዛ ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም። የሚያስታውስ ሽማግሌ ከተገኘ በስልክ ድምፁን መቅዳት፣ ገመድ የሚወጥር ሰው ከተገኘ ደግሞ እጁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቪዲዮ ማንሳት ይቻላል። አገር ቤት ሲደወልም የአያት የጠፍር አልጋ የት እንዳለ ይጠየቅ፤ ለማገዶ ሳይፈለጥ ይነሣ፤ የሠራው ሰው ስምም ከእግሩ ሥር በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት።